ባትሪ ስትቀይሩ ሞርሴቶውን አትርሱት

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ልጆቿ ቦርሳቸውን አንግተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ቪትዝ መኪናዋ አልነሳ ብሏታል። ባትሪውን ካስቀየረች ገና 3 ሳምንቷ ነው። «አሮጌ ነው የሸጡልኝ፣ በቃ ተበልቻለሁ» አለችኝ።

ኮፈኑን ከፈትን። ባትሪው አዲስ ነው፤ ከላዩ ያለው ተለጣፊ ወረቀት እንኳ አልቆሸሸም። የኔጌቲቩን ሞርሴቶ፣ የባትሪውን ራስ አንቆ ከገመዱ ጋር የሚያገናኘውን ማሰሪያ (ተርሚናል የሚሉትም አሉ)፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ገፋ ሳደርገው ዞረ። ሰፊ ቀለበት ቀጭን ጣት ላይ እንደሚዞረው ነው የዞረው። ትንሽ ስነቀንቀው ደግሞ ከውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ የለስላሳ ቆርቆሮ ጠብ አለ። ባትሪውን የገጠመላት ሰው ቀጭን ራስ ያለው ባትሪ አምጥቶ በሰፊው ሞርሴቶ አሰረውና ክፍተቱን በቆርቆሮ ሞላው። ከመሣሪያ ሳጥኔ የእርሳስ ቀለበት አውጥቼ አለበስኩት፣ ሞርሴቶውን አጽድቼ አጠበቅሁት፣ መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር በየሰፈሩ ስለማይ ነው። ሰው ብዙ ብር ከፍሎ ባትሪ ይገዛል፣ ሞርሴቶውን ግን ማንም አያየውም። ሥራው በቤታችሁ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን መጠበቅ አለበት።

በእርግጥ የሞተው ባትሪው ነው?

መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል በቀጥታ ባትሪ ሊገዛ የሚሄድ ብዙ ነው። ቆዩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ሞርሴቶ በእጃችሁ ነቅንቁ። በእጅ ከተነቃነቀ ልቅ ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበሰውም ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ከዚያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አምጡ፣ ርካሹም ይበቃል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ምንም ነገር ሳይበራ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ባትሪው ራስ ላይ አሳርፉ። ሞርሴቶው ላይ አይደለም፣ መሃል ላይ ብቅ ያለው እርሳስ ላይ ነው። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 አካባቢ ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ማለት ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ባዶ ሆነ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም፤ መብራት በርቶ አድሮ ሊሆን ይችላል። ቻርጅ አስደርጉት፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፉትና እንደገና ለኩት። ሞልቶ ሳለ ሞተር ሲያስነሳ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ያኔ አርጅቷል።

ሞተሩ ተነስቶም ለኩ። በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራውን እየሠራ ነው። 12 ምናምን ላይ ተገትሮ ከቀረ ችግሩ ዲናሞው ጋ ነው፣ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሁለት በሦስት ቀን ባዶ ያደርግባችኋል። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እያፈላው፣ ውሃውን እያደረቀው ነው። ይህን ሳታዩ የገዛችሁት ባትሪ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን አንድ ምርመራ ልጨምርላችሁ፤ ብዙ መካኒክ አይሠራውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ራስ መሃል ላይ፣ ሌላውን እዚያው ራስ ላይ የታሰረው ሞርሴቶ ላይ አድርጉ። ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ማየት አለባችሁ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካያችሁ እርሳሱና ሞርሴቶው በደንብ አልተነካኩም። ሁለቱም ራስ ላይ ድገሙት።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የትንሽ መኪና ሞተሪኖ (ማስነሻ) ሞተር ሲያስነሳ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። 150 አምፔር በሚያልፍበት ቦታ ላይ 0.01 ኦም ብቻ የሆነ እንቅፋት ካለ 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሬዲዮና የውስጥ መብራት ግን ትንሽ አምፔር ስለሚበቃቸው ይሠራሉ። «ሬዲዮው ይሠራል፣ መኪናው ግን አይነሳም» የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሞተር ለማስነሳት ደጋግማችሁ ስትሞክሩ ሞርሴቶው ከጋለ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

የአዲስ አበባ ሰው ባትሪው በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሲከዳው ብርዱን ይረግማል። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ግን ሙቀት ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚሠራ መኪና ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ብርድ የሚያደርገው ቀድሞ የደከመውን ማጋለጥ ነው፦ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የበለጠ ይጠይቃል።

ከአሮጌው ባትሪ ላይ የሚነበበው

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት የአሮጌውን ባትሪ ፎቶ አንሱ፤ ከላይም ከጎንም። እኛ አገር ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ የጃፓን ስሪት ስለሆኑ ባትሪያቸው ላይ እንደ 46ቢ24ኤል (46B24L) ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህን ማንበብ ከቻላችሁ ማንም አያታልላችሁም።

የመጀመሪያው ቁጥር፣ 46፣ የጉልበት ደረጃው ነው። ሲበልጥ ይሻላል። ቀጥሎ ያለው ፊደል የወርዱና የቁመቱ ምድብ ነው፤ ቢ ወርዱ 13 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ባትሪ ነው፣ ዲ ደግሞ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 24 ርዝመቱ በሳንቲሜትር ነው። የመጨረሻው ፊደል ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ ራሶች ወደ እናንተ በቀረበው ጠርዝ ላይ እንዲሆኑ አድርጋችሁ ባትሪውን አስቀምጡት። ኤል ከሆነ ፖዘቲቩ በቀኝ እጃችሁ በኩል ነው፣ አር ከሆነ በግራ። ይህ ከተሳሳተ ገመዱ አይደርስም። ገመድ ጎትቶ፣ ወጥሮ፣ «ደረሰ» ብሎ ማሰር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ በንዝረት ይላቀቃል ወይም ብረት ይነካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ የራሱ ውፍረት ነው። ቢ19 እና ቢ24 ባትሪዎች በተፈጥሯቸው ቀጭን ራስ አላቸው። መጨረሻው ላይ ኤስ የሚል ፊደል ከተጨመረ ግን፣ 46ቢ24ኤልኤስ ሲል ማለት ነው፣ ሣጥኑ ያው ሆኖ ራሱ ወፍራም ነው። ዲ ምድብ ያሉት ሁሉ ወፍራም ናቸው፤ የአውሮፓ መኪኖችም እንደዚሁ። የጎረቤቴ ችግር የመጣው ከዚህች አንዲት ፊደል ነው። የእሷ ሞርሴቶ ለወፍራም ራስ የተሠራ ነበር፣ የተሸጠላት ባትሪ ኤስ የሌለው ነው። ሣጥኑ በትክክል ስለገባ ማንም አላሰበበትም።

ጽሑፉ ከጠፋ ለኩ። ካሊፐር የላችሁም? አንድ ቀጭን ወረቀት ቆርጣችሁ የባትሪው ራስ ሥር ላይ አንድ ዙር ጠምጥሙ፣ የሚገናኝበትን ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩት። ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ ፖዘቲቩ 61፣ ኔጌቲቩ 56 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ቀጭኑ ከሆነ 46 እና 41 ገደማ ነው። በዲያሜትር ሲነገር ወፍራሙ 19.5 እና 17.9፣ ቀጭኑ 14.7 እና 13 ሚሊሜትር ነው።

አያችሁ፣ በሁለቱም ዓይነት ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ይወፍራል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የኔጌቲቭ ሞርሴቶ ፖዘቲቭ ራስ ላይ አልገባም ካለ በመዶሻ አታስገድዱት፤ «ቦታ ተሳስታችኋል» እያለ ነው።

ስትገዙ

ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ባትሪውን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በቴስተር አስለኩት። ከ12.5 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ ሌላ ይምጣላችሁ። ደረቁን የምትገዙ ከሆነና አሲዱ እዚያው የሚሞላ ከሆነ አትቸኩሉ። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ቻርጅም ይደረግ። «መኪናው ላይ ራሱ ይሞላል» የሚለውን አትቀበሉ፤ ያልሞላ ባትሪ ገጥሞ መሄድ ዕድሜውን ገና ከጅምሩ መቁረጥ ነው። የዋስትናው ወረቀት ላይ ቀኑና ማኅተሙ መኖሩን እዩ።

ጉልበቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ቁመቱን ግን አትዘንጉ። ረጅም ባትሪ ኮፈኑን ከነካ ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር ይገናኛል፣ እሳት ነው። የድሮ ቮልስ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ራስ ሊነካ ይችላል። ፖዘቲቩ ላይ ሽፋን ሳታደርጉ ወንበሩን አትመልሱ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩት ቮልሶች ደግሞ 6 ቮልት ነበሩ፤ ያልተለወጠ ካላችሁ 12 አትግጠሙበት።

ሞርሴቶውንም እዚያው፣ በዚያው ቀን ግዙ። ባትሪውን አስቀምጠው ሞርሴቶውን ራሱ ላይ አልብሰው ያሳዩዋችሁ። ሳይታሰር፣ በእጅ ተገፍቶ እስከ ሥሩ ሊወርድ ይገባል፤ ከተጠበቀ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ከንፈሮቹ መሃል ትንሽ ክፍተት መቅረት አለበት። ከንፈሮቹ ተጋጥመውም ካላነቀ ሰፊ ነው። ናስ ወይም እርሳስ የሆነውን ምረጡ። ከስስ ቆርቆሮ የተቀጠቀጠውን ቀላሉን ዓይነት እኔ አልገዛም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

አሮጌውን ማውጣት

ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ቀለበት፣ ሰዓትና የእጅ ሰንሰለት አውልቁ። ይህን እንደ ተራ ማስጠንቀቂያ አትለፉት፤ ቀለበት በመፍቻ ቁልፍና በቦዲ መሃል ከገባ በሰከንድ ግሎ ጣት ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሲጋራ አይታሰብም፤ ቻርጅ ላይ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ አጠገባችሁ ይቀመጥ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው፣ ሳታቋርጡ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም ነው።

ከጃፓን የመጣ መኪና ካላችሁ አንድ ነገር ቀድማችሁ እዩ። ካርታ ያለው ሬዲዮ ከሆነ፣ ኃይል ሲቋረጥበት የሚስጥር ቁጥር ወይም የካርታውን ዲስክ ወይም ኤስዲ ካርድ ሊጠይቅና ሊቆለፍ ይችላል። ካርዱ ከሌላችሁ በሥራው ጊዜ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ከገመዶቹ ጋር አገናኝተው ኃይሉን ሳያቋርጡ የሚቀይሩ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፤ እንዲህ ከተደረገ ግን የፖዘቲቩ ሞርሴቶ ሥራው እስኪያልቅ ኃይል እንዳለው አውቃችሁ በጎማ ወይም በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት።

አሁን ፍቱ። ኔጌቲቩ ይቀድማል። ሁሌም። ምክንያቱን ካወቃችሁት አትረሱትም፦ የመኪናው ቦዲ በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፋችሁ ድንገት ቦዲውን ቢነካ ባትሪው በቁልፉ በኩል በቀጥታ ይዘጋል፤ ብረት ያቀልጣል። ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ቁልፉ ቦዲ ቢነካም ምንም አይሆንም። ስትገጥሙ ደግሞ በተቃራኒው፣ ፖዘቲቭ ይቀድማል፣ ኔጌቲቭ ይከተላል።

ዳዶውን (የሞርሴቶውን ማጥበቂያ) አላሉ፣ ሞርሴቶውን ግራና ቀኝ በትንሹ እያወዛወዛችሁ ወደ ላይ አውጡት። ከተጣበቀ በካቻቪቴ አታንሱት፣ በመዶሻም አትምቱት። የባትሪው ራስ ከውስጥ ከሰሌዳዎቹ ጋር የተበየደ ነው፤ በምት ይሰነጠቃል። ሙቅ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት፣ ዱቄቱ ይሟሟል፣ ይላቀቃል። ገመዱን ወደ ጎን አጥፋችሁ ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ያዙት። ከዚያ ፖዘቲቩን፣ ከዚያ ባትሪውን የሚይዘውን ማሰሪያ ብረት ፍቱ። ሲነሳ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ አታዘንብሉት። ትንሹም ቢሆን 10 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የዲዝል ሚኒባስ ባትሪማ ከ20 ያልፋል። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ፣ ወገባችሁን አታጥፉ።

ሞርሴቶውና ገመዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሥራው ግማሽ ይህ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን መቀመጫ እዩት። አሲድ ወርዶ ከሆነ ብረቱ ዝጓል። ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና አፍስሱበት። ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲያበቃ አሲዱ አልቋል። በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። ሞርሴቶዎቹንም በዚሁ እጠቡ። ከዚያ የውስጣቸውን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ፣ ግራጫው ሄዶ ብሩህ ብረት እስኪታይ። አዲስ ባትሪ ራስ ላይም ስስ ጥቁር ሽፋን አለ፣ እሱንም በቀስታ አንድ ሁለቴ ጠረግ አድርጉት። አትሞርዱት ግን።

መሞረድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወፍራም ራስ ላይ ቀጭን ሞርሴቶ አልገባ ሲል ራሱን በሞረድ የሚያቀጥኑ አሉ። ሌሎቹ ሞርሴቶውን በካቻቪቴ ፈልቅቀው ያሰፉታል። የመጀመሪያው ባትሪውን ያበላሻል፣ ዋስትናውንም ያጠፋል፤ ሁለተኛው ሞርሴቶውን ይሰነጥቃል። በተቃራኒው ራሱ ቀጭን፣ ሞርሴቶው ሰፊ ሲሆን ምስማር ይሰካል፣ ሳንቲም ይገባል፣ ቆርቆሮ ይታጠፋል። ምስማር በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚነካው፤ ያ ሁሉ አምፔር በዚያች መስመር ሲያልፍ ይግላል፣ እርሳሱን ያቀልጣል፣ ይላላል።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት ነው። ራሱ ቀጭን፣ ሞርሴቶው ሰፊ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የእርሳስ ቀለበት አለ፤ ቀጭኑን ራስ ወፍራም የሚያደርግ ሾጣጣ ቆብ ማለት ነው። የፖዘቲቩና የኔጌቲቩ ልካቸው ይለያያል፣ ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ። ዋጋው ከባትሪው አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ራሱ ወፍራም፣ ሞርሴቶው ጠባብ ከሆነ ግን ሞርሴቶው መቀየር አለበት፣ ወይም ባትሪው ተመልሶ በልኩ መምጣት አለበት። ገና ካልገጠማችሁት እኔ ባትሪውን ማስቀየርን እመርጣለሁ፤ የመኪናውን የመጀመሪያ ሞርሴቶ ያለ ምክንያት መቁረጥ አልወድም።

መቁረጥ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ምን እንደምትቆርጡ እዩ። ብዙ ቶዮታ ላይ የፖዘቲቩ ሞርሴቶ ከዋናው ፊውዝ ሣጥን ጋር አንድ ላይ ነው፣ ያንን አትንኩት፤ ተመሳሳዩን ፈልጋችሁ ነው የምትተኩት። በአዳዲስ መኪኖች የኔጌቲቩ ሞርሴቶ ላይ ጥቁር ትንሽ ሣጥንና ቀጫጭን ሽቦ ካለ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፣ እሱም አይቆረጥም፣ አይመታም።

ተራ ገመድ ከሆነ ቀጥሉ። ሞርሴቶው አጠገብ ቆርጣችሁ የፕላስቲኩን ሽፋን 2 ሳንቲሜትር ያህል ግፈፉ። መዳቡን እዩት። ብሩህ ቀይ ካልሆነ፣ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ለብሶ ከሆነ፣ አሲዱ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል ማለት ነው፤ ጤነኛ መዳብ እስክታገኙ ወደ ኋላ ቁረጡ። ገመዱ ካጠረ ገመዱ በሙሉ ይቀየር። ቀጭን ገመድ አትቀጥሉበት። መዳቡን ወደ ሞርሴቶው ቤት አስገቡት፣ አንዲት ክር እንኳ ውጭ አትቅር፣ ሁለቱን ብሎኖች በእኩል፣ ተራ በተራ አጥብቁ። ከዚያ ገመዱን ይዛችሁ ጎትቱት። ከተንሸራተተ አልታሰረም። በመጭመቂያ መሣሪያ የሚጨመቀው ዓይነት ከዚህ ይሻላል፣ መሣሪያው ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቀረባችሁ እሱ ጋ አሠሩት። ከሞርሴቶው ወጥቶ የተጋለጠውን መዳብ በናስትሮ ሸፍኑት።

የኔጌቲቩን ገመድ ሌላውን ጫፍም አትርሱ። ቦዲውና ሞተሩ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። እሱ ከዛገ ላዩን ብታጸዱ ዋጋ የለውም። ፍቱት፣ ፈትጉት፣ መልሳችሁ እሰሩት።

አዲሱን መግጠም

ባትሪውን መቀመጫው ላይ አስቀምጡ፣ ፖዘቲቩ በፖዘቲቭ ገመድ በኩል መሆኑን እንደገና እዩ። ማሰሪያውን ብረት ግጠሙ። በገመድ ወይም በላስቲክ ማሰር አይሠራም፤ በእኛ ኮብልስቶን ላይ የሚዘል ባትሪ ከውስጥ ሰሌዳዎቹ ይረግፋሉ። ባትሪውን በሁለት እጅ ስትገፉት መንቀሳቀስ የለበትም። ማሰሪያውን ግን ሣጥኑ እስኪጎብጥ አታጥብቁ።

ፖዘቲቩን ሞርሴቶ እስከ ሥሩ አውርዱ፣ ከዚያ አጥብቁ። ግማሽ ላይ አስቀምጦ ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ራሱ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ በንዝረት ወደ ላይ እየወጣ ይላቀቃል። ዳዶውን በ10 ቁልፍ፣ በአጭር ክንድ፣ በእጃችሁ ኃይል ብቻ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በረጅም ቁልፍ ከወጠራችሁት ሞርሴቶው ይሰነጠቃል ወይም ራሱ ይጠመዘዛል። ከዚያ ኔጌቲቩ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ብልጭታ ቢታይ አትደንግጡ፣ ትልቅ ብልጭታ ከሆነ ግን የሆነ ነገር በርቷል ወይም ተሳስታችኋል፣ አቁሙና እዩ።

ሁለቱንም በእጅ ለማዞር ሞክሩ። ካልዞሩ ያኔ ከላይ ስስ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡ። ከማሰር በፊት አይደለም፤ ከታሰረ በኋላ ነው። የፖዘቲቩን ፕላስቲክ ሽፋን መልሱ።

አስነሱ። ወዲያው 13.8 እስከ 14.5 መሆኑን ለኩ፣ የቅድሙንም የሞርሴቶ ምርመራ ድገሙ። የመኪናው ሞተር መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ቢል የተለመደ ነው፣ ጥቂት ከተነዳ ይስተካከላል። ራሱ የሚወጣው መስኮት መሥራት ካቆመ መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉና የመስኮቱን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ ያዙት።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም እንዳትስቁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በዝቷል፣ እነዚህም ቢሆኑ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው። እሱ ሲያልቅ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም። አንዳንዶቹ ላይ ይህ ትንሹ ባትሪ ሊቲየም ነው፣ በተራው የእርሳስ ባትሪ አይተካም። ብርቱካናማ ገመድ ያለበት ቦታ እጃችሁን አታስገቡ፤ የመኪናውን መመሪያ ሳታዩ አትጀምሩ።

አሮጌው ባትሪ

አሲዱን ቦይ ውስጥ አትድፉት። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ጥግ አታስቀምጡት። ውስጡ ያለው እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፣ አፈር ውስጥ ከገባም አይጠፋም። ለቆራሌው ከመስጠት አዲሱን የገዛችሁበት ሱቅ መልሱት፤ ብዙዎቹ ተቀብለው ከዋጋው ይቀንሱላችኋል። ሳትከፍቱት፣ ቀጥ እንዳለ፣ ፌስታል ሳይሆን ፕላስቲክ ሳህን ወይም ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ከሳምንት በኋላ ኮፈኑን አንዴ ክፈቱ። አዲስ የታሰረ እርሳስ ትንሽ ይረግባልና ሞርሴቶዎቹን እንደገና ነቅንቁ፣ ዳዶው ሩብ ዙር የሚቀበል ከሆነ ስጡት። ጎረቤቴም እንዲሁ አደረገች፤ የኔጌቲቩ ሩብ ዙር ተቀበለ፣ የፖዘቲቩ አልነቃነቅ አለ።